ሙሄ ያልከፈተው ጥቅል

ሙሄ የሰጠመው ከባሕር አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው።

አስከሬኑ የተገኘው ሐሙስ ዕለት፣ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ካለ ብዙም ሳይቆይ፣ ከሪያድ በስተምሥራቅ በሚገኝ አንድ እስትራሃ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ነበር። እስትራሃው በግንብ የታጠረ፣ ጥላና ገንዳ ያለው፣ ሰው ለአንድ ቀን የሚከራየው መዝናኛ ነው። የዚያን ቀን የተከራዩት አራት ሐበሾች ግን ለመዝናናት አልመጡም። ለበዓሉ አርባ ሰው ይዘው ወደ ምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ሊወርዱ አቅደው ነበርና፣ የጉዞውን ምግብ ሊቀምሱ፣ መዋኘት ሊለማመዱና የቀረውን ነገር ሊነጋገሩ ነበር የተሰበሰቡት።

በማግስቱ አርብ ጠዋት ሻምበል ነዋፍ ወደ ሂክማ ደወለ።

ሂክማ ደሴ ውስጥ ሰባት ዓመት የፖሊስ መርማሪ ሆና ሠርታለች። ሪያድ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በመኖሪያ ፈቃዷ፣ በኢቃማዋ ላይ የተጻፈው ሥራ «ተርጓሚ» ይላል። ፖሊስ ጣቢያ አማርኛ የሚናገር ሰው ሲገጥማቸው የሚጠሯት እሷን ነው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታወራም። ሰው ሲናገር ዓይኖቿን ወደ መሬት ትተክላለች፤ የማያውቋት አፍራ ይመስላቸዋል።

«አጭር ሥራ ነው» አላት ሻምበሉ፣ እስትራሃው በር ላይ ሲቀበላት። «መዋኘት የማይችል ሰው ሰጥሟል። ጠባቂው የገንዳውን በር ክፍት ትቷል። ቃሉን ትተረጉሚልኛለሽ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳለቀ፣ ፈርሜ እልከዋለሁ።»

«ወዴት?»

«ኢቃማው ካለፈ ስድስት ወር ሆኖታል። በቸልተኝነት ሰው አጠፋ ተብሎ ሲጻፍበት እስሩን ይጨርስና ተርሒል ነው። አገሩ ይገባል።»

ሂክማ አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ የአስከሬኑን ፎቶ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ሻምበሉ ትንሽ ተገርሞ ስልኩን ሰጣት።

ሙሄ በደረቱ ተኝቶ ይታያል። ሸሚዝና ሱሪ ለብሷል። ሁለቱም እጅጌዎች እስከ ክርን ተጠቅልለዋል። ከጭንቅላቱ ኋላ ትንሽ እብጠት አለ። በሌላ ፎቶ ላይ ከኪሱ የወጡት ነገሮች ተደርድረዋል፤ ቁልፍ፣ የጥርስ መፋቂያ እንጨት፣ የእጅ ሰዓት።

«ሰዓቱ ከእጁ ላይ ነው የወጣው?»

«ከኪሱ ነው። ምን ለውጥ አለው?»

«እንጃ» አለች ሂክማ። «ጫማውስ?»

ሻምበሉ ከገንዳው ጠርዝ አጠገብ ወዳለው ዝቅ ያለ ቧንቧ ጠቆመ። ጥንድ ጫማ ከቧንቧው ጎን፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ ዞሮ፣ በሥርዓት ተቀምጠዋል።

---

ጠባቂው ኢብሮ ከበሩ አጠገብ ባለችው ክፍሉ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ፖሊሶች ከትናንት ጀምሮ ከማንም ጋር እንዲነጋገር አልፈቀዱለትም።

«ወንድሜ፣ እኔ ሂክማ እባላለሁ። የምትለውን ለሻምበሉ እነግርለታለሁ። የት ነበርክ ሰውየው ሲሰጥም?»

«እዚሁ ክፍሌ። ጋደም ብዬ።»

«ምንም አልሰማህም?»

«ምንም።» ይህን ሲል ዓይኑን ወደ በሩ ወረወረ። «መግሪብ ካለ በኋላ የገንዳውን መብራት ላበራ ስሄድ ነው ያየሁት። ዘልዬ ገባሁ። ጎትቼ አወጣሁት። ኸላስ፣ አልቆ ነበር።»

«ታውቀው ነበር?»

«የሙሄን እናት ቤት ከእናቴ ቤት የሚለየው አጥር ብቻ ነው። እስሩን እችለዋለሁ፣ እህቴ። ተርሒሉንም እችለዋለሁ። ግን ልጅሽን ያሰጠመው እሱ ነው ተብሎ ተጽፎብኝ በምን እግሬ በዚያ በር አልፋለሁ?»

ሂክማ ይህን ለሻምበሉ አልተረጎመችም። የጥያቄው መልስ አልነበረምና።

በክፍሉ ጥግ ላይ አንድ ጥቁር ቦርሳ አየች።

«ያ ያንተ ነው?»

«የሙሄ ነው። ሰኞ ባሕሩን ሊያይ ሄዶ ነበር። ረቡዕ ማታ ከአውቶቡስ ወርዶ ቀጥታ እኔ ጋ መጣና እዚህ አደረ። ቦርሳውን እዚህ አስቀምጦ ቆልፈንበት ነበር።»

ሻምበሉ ቦርሳውን ከፈተው። አንድ ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ማስታወሻ ደብተር፣ በትንሽ ፌስታል የታሰሩ ሦስት ቴምሮች፣ እና በፎይል የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ፎይሉ ላይ በጥቁር እስክርቢቶ «ሙሄ» ተብሎ ተጽፏል። ጠርዞቹ እንደታጠፉ ናቸው፤ ማንም አልከፈተውም። ሻምበሉ ሲያሸተው ፊቱን አዞረ።

«ዓሣ» አለ።

ሂክማ ደብተሩን ገልጣ ቆማ አነበበች። የሙሄ ጽሑፍ ትልልቅና ቀጥ ያለ ነው።

«አሸዋ፦ ጠዋት ጠዋት ይጠረጋል። ባሕሩ የተፋውን ሣር ይሰበስባሉ። በስተግራ በኩል የጠርሙስ ስብርባሪ አለ፤ ልጆች ወደዚያ አይሂዱ። ምግብ፦ ማቀዝቀዣው አንድ ብቻ ነው። ዓሣው በመንገድ ከስድስት ሰዓት በላይ ይቆያል፤ ሳይበላሽ መድረሱን መሞከር አለብን። ደኅንነት፦ አረንጓዴ ባንዲራ ሲሰቀል ይዋኛል። ቢጫ፣ ጥንቃቄ። ቀይ፣ ማንም አይገባም።»

ከዚያ በታች የስልክ ቁጥር አለ፤ አጠገቡ «ሙላቱ፣ አሸዋ የሚጠርገው፣ ባንዲራ የሚሰቅለው» ይላል። በመጨረሻ አንድ ተጨማሪ መስመር፦

«የአምናውን የባንዲራ ነገር ዙቤዳ ከኔ ከምትሰማ እሱ ራሱ ይንገራት።»

«ሻምበል» አለች ሂክማ ደብተሩን እየዘጋች፣ «ከመፈረምህ በፊት ሦስቱንም ሰዎች ላናግራቸው።»

«እኔ የጠራሁሽ ልትተረጉሚ ነው።»

«የምተረጉመው እርስ በርሱ እንዲስማማ እፈልጋለሁ።»

ሻምበሉ ሰዓቱን አየ። «እስከ አስር ሶላት» አላት።

---

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሦስቱ አንድ በአንድ መጡ።

መጀመሪያ የገባው ቶፊቅ ነው። ባጥሐ ገበያ ውስጥ ሻንጣ ይሸጣል፤ አውቶቡስ የሚያነጋግረው፣ ቦታ የሚይዘው፣ ሰው የሚመዘግበው እሱ ነው። አምናም ጉዞውን ያዘጋጀው እሱ ነበር። ወፍራም ነው፤ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል።

«ወንድም ቶፊቅ፣ ትናንት ከሙሄ ጋር ተጣልታችሁ እንደነበር ለፖሊስ ተነግሯል።»

«ማን ነው ያለው? መቼም ዙቤዳ ናት። ጥል አይደለም፣ ወላሂ። መጣና ጠርሙስ አለ፣ ማቀዝቀዣው አንድ ነው፣ ጥላው አይበቃም አለኝ። አርባ ሰው መዝግቤ! እንዲህ ካልክ አንተን ራስህን ነው ባሕሩ ውስጥ የምጨምርህ አልኩት። ቀልድ ነበር።» መሐረቡን አጠፈ። «አሁን ሳስበው አያስቅም።»

«ስለ ባንዲራ ነገረህ?»

«የምን ባንዲራ?»

«እሺ። መቼ ወጣህ ከዚህ?»

«አስር ሰግደን ትንሽ ተነጋገርን። መግሪብ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው እኔና ዙቤዳ በኔ መኪና ወጣን። የሐሙስ መንገድ ታውቂዋለሽ። ሰፈሯ ፉጣ ስንደርስ አዛን ይል ነበር፤ ከመስጊዱ በር ላይ ነው ያወረድኳት።»

ቀጥላ ዙቤዳ መጣች። ፉጣ ውስጥ ባለች አንዲት ኩሽና ለሠራተኞች ምግብ ታበስላለች። ቀጭን ናት፤ ስትቀመጥ ሁለት እጆቿን አጣምራ ጭኗ ላይ ታኖራለች። ወንድሟ ሳቢር በአምናው ጉዞ ባሕሩ ውስጥ ቀርቷል። ይህን ሂክማ ሳትጠይቃት ነው የነገረቻት።

«አትሂጂ አሉኝ ዘንድሮ። እኔ ግን አልኩ፣ ሰው መሄዱ ካልቀረ ቢያንስ የሚበላውን እኔ ልየው። ሙኒርም አለ። እሱ ባይኖር ኖሮ ዓመቱን አልጨርሰውም ነበር።»

«ሙኒር የዋና አሠልጣኙ ነው?»

«አዎ። ከበዓሉ በኋላ ኒካሕ እናስራለን፣ ኢንሻአላህ።» ይህን ስትል ዓይኗን ዝቅ አደረገች።

«ትናንት ምሳ ላይ የነበረውን ንገሪኝ።»

«ዓሣውን ለየብቻ በፎይል ጠቀለልኩት። ስም ጻፍኩበት፤ የባሕሩም ቀን እንደዚያ ነው የማደርገው፣ እንዳይቀላቀል። ስምንት ሰዓት ላይ ሰጠኋቸው። ቶፊቅ ሁለት በላ። ሙኒር የራሱን ይዞ ወደ ገንዳው ሄደ፤ ተንሳፋፊ ጃኬቶቹን እየቆጠረ ነው የበላው፣ ልማዱ ነው። ሙሄ ግን...» ከንፈሯን ነከስ አደረገች። «ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እንደ አውቶቡሱ ሰዓት ቆይቶ ልቅመሰው፣ መበላሸት አለመበላሸቱ ያኔ ይታወቃል አለኝ። ያቀረብኩለትን እርጎ፣ ለበኑንም፣ አልጠጣም። የሰው እጅ እንዲህ ይናቃል? መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስ አኩርፌው ነበር።»

«ምሳ ላይ ሙሄ ምንም አልቀመሰም?»

«ውሃ እንኳን።»

ሂክማ ይህን ለሻምበሉ ስትተረጉም ቃል በቃል ነበር። ሻምበሉ ጻፈው፤ ለምን እንደጻፈው ግን አልገባውም።

ሙኒር የመጨረሻው ነበር። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። አንገቱ ላይ በሰማያዊ ክር የታሰረ ፊሽካ አንጠልጥሏል። ሂክማን «እህቴ» ብሎ ሰላም ካላት በኋላ ሻምበሉን በዓረብኛ ሰላም አለው።

«ሙሄን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ቶፊቅና ዙቤዳ ከወጡ በኋላ ለማጅ ስለሆነ ትንሽ ላሳየው ቀረሁ። ጥልቀት በሌለው በኩል ጠርዙን ይዞ እግሩን ይለማመድ ነበር። ሩብ ሰዓት አልቆየሁም። በቃ ውጣ አልኩት፤ ትንሽ ልቆይ አለኝ። ትቼው ወጣሁ። ይኸው ነው ጥፋቴ።»

«ልብሱን ለብሶ?»

«አፋር ሰው ነበር። ሸሚዙን አላወልቅም አለ።»

«ለምንድን ነው ውጣ ያልከው?»

«በልቶ ነበራ። እኔ ሁልጊዜ የምለው ነው፣ ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይቆዩ ውሃ አይገባም። ያን የሚያህል ዓሣ በላ፣ በላዩ ላይ ለበን ጨመረበት። ሆዴን እያለኝ ነው ሲለኝ ሰምቻለሁ። እንዲህ ሆኖ የገባ ሰው ቁርጠት ይይዘዋል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«ሲበላ አይተኸዋል?»

«ባይኔ።»

«ያኔ ኢብሮ የት ነበር?»

ሙኒር ተነፈሰ። «ልጁን መክሰስ አልፈልግም፣ ወላሂ። ድሃ ነው። ግን ገንዳውን መጠበቅ ሥራው አይደል? እሱ በር ላይ ውሃ ከሚጭነው ከዋይቱ ሾፌር ጋር ሲጨቃጨቅ ሰውየው ሰጠመ። የዋይቱ ሞተር ሲጮህ ሰው ቢጣራ ይሰማል?»

ሂክማ አንገቷን ቀና አላደረገችም። «ይሰማል ብዬ አላስብም» አለችና አሰናበተችው።

---

ወደ ኢብሮ ክፍል ስትመለስ ብቻዋን ለመግባት ሻምበሉን ለመነችው፤ በሩ ላይ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ትናንት ጋደም አላልክም።»

ኢብሮ የፍራሹን ጠርዝ ያስተካክል ጀመር።

«ዋይት መጥቶ ነበር።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ማን ነገረሽ?»

«አንተ ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም። በአላህ ይሁንብኝ፣ ለማንም። ፖሊስ እስኪመጣ ከገንዳው አልተነቃነቅኩም፣ ከዚያ ወዲህ ያናገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውሃ የሚያመጣልን መኪና ቅዳሜ ነበር ተራው። ሾፌሩ ትናንት ድንገት መጣ፤ መግሪብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። ቅዳሜ ሌላ ቦታ አለብኝ አለኝ። ያለ አሠሪዬ፣ ያለ ከፊሌ ትእዛዝ አልቀበልም ብዬ ተጨቃጨቅን። በኋላ ቱቦውን ጎትቼ ጣሪያ ላይ ወጣሁና ታንከሩን አስሞላሁ፤ በበሩ ማን እንደወጣ አላየሁም። መኪናው ሲወጣ አዛን ይል ነበር።»

«ለምን ደበቅክ?»

«ሾፌሩ ያገራችን ልጅ ነው። በሰው ኢቃማ ነው የሚነዳው። ዋይት ነበር ካልኩ ይፈልጉታል። ራሴን ለማዳን ብዬ ሰው ላስበላ?»

«ስሙን አልጠይቅህም» አለች ሂክማ። «ሌላ ነገር ነው የምጠይቅህ። ሙሄ ሐሙስ ከመንጋቱ በፊት ምን አደረገ?»

ኢብሮ ግራ ገባው። «ምንም። ተነሣ... ዳቦና ሻይ በላ። ና ብላ አለኝ፣ እንቅልፌን አልተውም አልኩት። ከዚያ ሱብሒ ሰገድን።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ያደርግ ነበር?»

«ሰኞና ሐሙስ። አይናገርም እንጂ... » ኢብሮ ቆመ፤ የሚለውን ራሱ ገና አሁን የሰማው መሰለ።

ሂክማ ወጥታ ሁለት ነገር አደረገች። ሻምበሉ አስከሬኑ ወዳለበት ሆስፒታል እንዲደውልና ሐኪሙን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅላት ለመነችው። እሱ እስኪያናግር ድረስ እሷ ደብተሩ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወለች። ሙላቱ የተባለው ሰው ብዙ ፈራ፣ ብዙ አንገራገረ። ሙሄ መሞቱን ሲሰማ ግን ያየውን ሁሉ ነገራት።

---

አስር ሶላት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሁሉም ከገንዳው ጎን ባለው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ቶፊቅ መሐረቡን ይዟል። ዙቤዳ ከሙኒር ትንሽ ራቅ ብላ፣ ቢሆንም ልትሰማው በምትችልበት ቦታ ተቀምጣለች። ኢብሮ በሁለት ፖሊሶች መካከል ነው። ሻምበል ነዋፍ ቆሟል።

ሂክማ ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለውን ፎይል፣ ሦስቱን ቴምሮችና የእጅ ሰዓቱን አስቀመጠች። ቀስ ብላ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ አንድ ጊዜ በዓረብኛ፣ መናገር ጀመረች።

«ሰዓቱን አስቀድሜ ልናገር። ሊዋኝ የሚገባ ሰው ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጫማው ጋር፣ ደረቅ ቦታ ያስቀምጣል። ሙሄ ግን ኪሱ ውስጥ ከቶታል። እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሏል። ጫማውን ከቧንቧው ጎን አውልቋል። ሰዓቱን ኪሱ ከትቶ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ቧንቧ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ምን ሊያደርግ ነው?»

«ውዱእ» አለ ቶፊቅ ሳያስበው።

«ውዱእ፣ የሶላት ትጥበት። ለየትኛው ሶላት? አስርን ከናንተ ጋር ሰግዷል። የቀረው መግሪብ ነው። ስለዚህ ወደ መግሪብ ሲቃረብ ሙሄ ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ጎንበስ ብሎ ነበር። ዋና ላይ አልነበረም።»

«በልብሱ ገብቶ ነበር ብያለሁ» አለ ሙኒር በለሰለሰ ድምፅ። «ወጥቶ ውዱእ አድርጎ ይሆናል። እኔ ሄጃለሁ።»

«እሱንም አስቤዋለሁ። ለዚህ ነው ይህን ያመጣሁት።» ፎይሉን ጠቆመች። «ዙቤዳ፣ ይህ ያንቺ ጽሑፍ ነው?»

«የኔ ነው።»

«የሙሄ ዓሣ። አልተከፈተም። ሙኒር፣ ያን የሚያህል ዓሣ ሲበላ ባይኔ አየሁ ብለህ ነበር።»

ሙኒር ፎይሉን አየ። ሁሉም ሲያየው አዩ።

«ምናልባት የሌላ ሰው ዓሣ ይሆናል የበላው» አለ።

«ቶፊቅ ሁለት በላ፤ ያንተን አንተ በላህ፤ የዙቤዳን እሷ። አራት ሰው፣ አምስት ጥቅል፣ አንዱ ይኸው። የበላ መስሎህ ነበር፤ ምክንያቱም ምሳ ሲበላ አንተ ገንዳው ጋ ጃኬት ትቆጥር ነበር። አብረህ ብትቀመጥ ኖሮ ሙሄ ውሃ እንኳን እንዳልቀመሰ ታይ ነበር።»

ዙቤዳ ቀና አለች።

«ንቆሽ አይደለም» አለቻት ሂክማ። «ትናንት ሐሙስ ነበር። ከመንጋቱ በፊት ተነሥቶ በልቷል፤ ኢብሮ አይቶታል። የጥርስ መፋቂያውን እንጂ ሌላ ነገር አፉ ውስጥ አላስገባም። ሦስት ቴምር በፌስታል አስሮ ለመግሪብ አዘጋጅቷል። ጾመኛ ነበር። በፈቃዱ የሱና ጾም የሚጾም ሰው አይናገርም፤ እምቢ እንዳይልሽም፣ ጾሙንም እንዳያወጣ፣ እንደ አውቶቡሱ ሰዓት ይቆይ አለሽ። ዓሣሽን ሊያፈጥርበት ነበር።»

የገንዳው ውሃ ብቻ ጠርዙን ይልሳል።

«ሻምበሉ ሆስፒታል ደውሎ ነበር። ሐኪሙ ጨጓራው ባዶ ነው አለ። እንግዲህ ጾመኛ ሰው፣ አፌ ውሃ ይገባል ብሎ የሚጠነቀቅ ሰው፣ መዋኘት የማይችል ሰው፣ መግሪብ ሳይል ገንዳ ውስጥ ምን ይሠራል? ሙኒር፣ ያ ዓሣ፣ ያ ለበን፣ ያ የሆድ ቁርጠት፣ ሁሉም ካንተ ሥራ የተቀዳ ነው። ሰው ለምን እንደሚሰጥም በየሳምንቱ ስታስተምር የምትለውን ነው ለሙሄ የሰጠኸው። ለእሱ ግን ልኩ አልሆነም።»

«ሰው ይሳሳታል» አለ ሙኒር። «መብላቱን ተሳሳትኩ። ሲሰጥም ግን አልነበርኩም። ከነቶፊቅ ኋላ ሩብ ሰዓት አልቆየሁም።»

«እነቶፊቅ የወጡት መግሪብ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ነው። አንተ ሩብ ሰዓት ብትቆይ፣ ስትወጣ ለመግሪብ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀራል። ዋይቱ የመጣው ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። ተራው ቅዳሜ ነበር፤ እንደሚመጣ ጠባቂው እንኳን አያውቅም። ኢብሮ ዋይት መጣ ብሎ ለማንም አልተናገረም፤ ለፖሊስም ደብቋል። ታዲያ ኢብሮ በር ላይ ከዋይቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ነበር ብለህ የነገርከኝ፣ የሞተሩን ጩኸት የነገርከኝ፣ ከየት ሰምተህ ነው?»

ሙኒር አፉን ከፈተ። እጁ ወደ አንገቱ ሄዶ ፊሽካውን ያዘ።

ሻምበል ነዋፍ አንድ እርምጃ ተጠጋ። ከኢብሮ ግራና ቀኝ ያሉት ፖሊሶችም ፊታቸውን ከእሱ ላይ አነሡ።

«ለምን?» አለ ቶፊቅ። «ሙሄ ምን አደረገህ?»

ሂክማ መልሱን ለመናገር አልቸኮለችም። ዙቤዳን አየቻት። ከዚያ ለሙኒር «አንተ ብትነግራት ይሻላል» አለችው። «ሙሄም የፈለገው ይህን ነበር። ደብተሩ ላይ ጽፎታል።»

ሙኒር ሲናገር ወደ ማንም አላየም፤ ውሃውን ነበር የሚያየው።

«ቀይ ነበር» አለ። «አምና። ጠዋት ስንደርስ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር። ሰው ገና ከአውቶቡስ አልወረደም። አርባ ሰው ስድስት ሰዓት ተጉዞ መጥቶ... ውሃው ደግሞ ጸጥ ብሎ ነበር። አንድ ሰዓት ብቻ ይጫወቱ ብዬ አወረድኩት። አንድ ሰዓት ብቻ። ፊሽካ ነፍቼ ግቡ አልኳቸው።»

ዙቤዳ አልተነቃነቀችም።

«ባንዲራ አልነበረም ብለኸኝ ነበር» አለች። «ዓመቱን ሙሉ። የባሕር ነገር አይታወቅም እያልክ እንባዬን ስትጠርግልኝ።»

«ልነግርሽ ብዙ ጊዜ...» አቋረጠና ወደ ሂክማ ዞረ። «አሸዋ የሚጠርገው ሙላቱ ለሙሄ ነገረው። ሙሄ ትናንት ጠየቀኝ። እስከ ነገ ራስህ ንገራት፣ ካልሆነ ግን አርባ ሰው ላንተ አላስረክብም አለኝ። ለመንኩት። ቆይ ውዱእ ላድርግ ብሎ ጎንበስ አለ። ገፋሁት። ጭንቅላቱን ጠርዙ መታው። መግፋት ብቻ ነበር ያሰብኩት።»

«ከዚያስ?» አለ ሻምበሉ፣ ሂክማ ስትተረጉምለት። «መዋኘት ትችል የለ?»

ሙኒር አልመለሰም። ከሁሉም የከበደው ይህ ነበርና ሂክማ መልስ እስኪመጣ ድረስ ጠበቀች፤ አልመጣም። ሻምበሉም ዝምታውን እንዲሁ ጻፈው።

---

ሙኒርን ይዘውት ሲሄዱ ፊሽካውን ከአንገቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተወው።

ሻምበል ነዋፍ የኢብሮን ወረቀት ከፋይሉ አውጥቶ ለሁለት አጠፈው። «የሞቱ ጉዳይ ከላይህ ተነሥቷል» አለው። «የኢቃማህ ነገር የከፊልህና ያንተ ነው፤ በዚህ ሳምንት ጨርሱ። ስለ ዋይቱ ደግሞ የጠየቅኩት ነገር ትዝ አይለኝም።» ሂክማ ተረጎመችለት። ኢብሮ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ፍራሹ ላይ የነበረውን የሙሄን ቅያሪ ልብስ አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ መለሰ፤ ለእናቱ የሚደርስ ነው።

ቶፊቅ መሐረቡን ፊቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። «ጉዞው ቀረ» አለ። «ነገ ለአርባውም እደውላለሁ።»

«አይቀርም» አለች ዙቤዳ።

ቶፊቅ መሐረቡን አወረደ።

«ለሙሄ እናት ምን ልትል ነው? ልጅሽ ሦስት ቀን አሸዋ ላይ ተመላልሶ ጠርሙስ የቆጠረው ለከንቱ ነው? የጻፈውን አንድ በአንድ እንፈጽመዋለን። በስተግራ በኩል ልጅ አይሄድም። ማቀዝቀዣ እንጨምራለን። ጥላም እንጨምራለን።» ድምፅዋ አልተነሣም። ሰማያዊውን ክር ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፤ ፊሽካውን ግን አላነሣችውም። «በዚህ ፈንታ ሌላ እንገዛለን። ዋናተኛም ወረቀት ያለው ፈልግ፤ ያገር ልጅ ባይሆንም ግድ የለም።»

«ባንዲራውስ?» አለ ቶፊቅ ቀስ ብሎ።

«እኔ ከሥሩ እቀመጣለሁ። ሙላቱ የሰቀለውን ማንም አያወርድም።»

የአስር ሶላት አዛን ከሩቅ መስጊድ ተሰማ። ዙቤዳ ተነሥታ ወደ ቧንቧው ሄደች፤ ከሙሄ ጫማ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ቧንቧውን ትታ፣ ግቢውን ዞራ፣ ወደ ሴቶቹ ውዱእ ቦታ ሄደች። ሂክማ የተጠቀለለውን ፎይል ለፖሊሱ ሰጥታ፣ ተከትላት ወደ ሴቶቹ ውዱእ ቦታ ስትደርስ የዙቤዳን ድምፅ ሰማች።

«እህቴ፣ ትናንት መኪና ውስጥ ለቶፊቅ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ያ ሰውዬ ሁለተኛ ከእጄ አይበላም አልኩት።»

ሂክማ አጠገቧ ቆማ ቧንቧውን ከፈተችላት።